በሁዳዴ ያረረ ወተት

የልጅ ልጄ ባለፈው ሳምንት ወተት ምድጃ ላይ ጥዳ፣ ስልኳን ይዛ በረንዳ ላይ ተቀመጠች። እኔ ሳሎን ጋደም ብዬ ነበር። መጀመሪያ ያቺ ጣፋጭ የምትመስለው ሽታ መጣች፤ ቀጥላ መራራዋ ተከተለች፤ ከዚያ ቤቱ በሙሉ ያረረ ወተት ሆነ። ልጅቱ ሮጣ ብታወርደው ምን ዋጋ አለው፣ የድስቱ ቂጥ ከሰል መስሏል። "አያቴ አይዞሽ፣ ይለቃል፤ እዚህ ላይ ያሳያል" ብላ ስልኳን አቀረበችልኝ። አንዲት ፈረንጅ ጓንት አጥልቃ፣ አቼቶ አፍስሳ፣ ነጭ ዱቄት ነስንሳ፣ ፈገግ እያለች ድስት ታጥባለች። ድስት እየፈተገ ፈገግ የሚል ሰው በዕድሜዬ አላየሁም። "ስጪኝ ወዲህ" አልኋት። "ኧረ አያቴ፣ ወገብሽን ያምሻል!" "ድስት የሚታጠበው በወገብ ነው እንዴ?" ብዬ ነጠቅኋት። ነገር ግን ድስቱን አፍንጫዬ ሥር ሳደርሰው መልሼ አስቀመጥሁት። ልጅቱ ደንግጣ "ምነው?" ብትለኝ "ሽታው ነው" አልኋት። ሌላው ቢቀር እሱ ውሸት አልነበረም።

ያኔ በወጣትነቴ ባሕር ዳር የዛሬዋ አልነበረችም። ዛሬ ሐይቁን ቁጭ ብዬ ለማየት ሻይ መግዛት አለብኝ፤ ያኔ ከግቢያችን ወጥቶ ቁልቁል መራመድ ብቻ ነው። አስፋልቱ ሰፊ፣ መኪናው ጥቂት፣ ብስክሌቱ መንጋ ነበር። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጡሩምባ ሲጮኽ የብስክሌት ጎርፍ በዘንባባው ሥር ይለቀቃል፤ እኔም ከዚያ ጎርፍ አንዷ ነበርሁ፤ ክር ክፍል ስለምሠራ ጸጉሬ ውስጥ ጥጥ ሳይሰገሰግ የወጣሁበት ቀን የለም። ቆሮሶ አሳ በስሙኒ ይገኛል፣ ያውም ዓይኑ ገና ሳይፈዝ። ሎሚማ እንዲያው በምርቃት ነበር። ስኳርና ሳሙና ግን ከቀበሌው ሱቅ፣ በሰልፍ፣ በግፊያ። የክት ልብሴ አንዲት ሰማያዊ ቴትሮን ቀሚስ ነበረች፤ ሳትተኮስ ትለበሳለች ተብላ የተወራላት፣ ፀሐይ ሲበረታ ግን ገላ ላይ እንደ ላስቲክ የምትጣበቅ። ከመጠጥ ቤቱ ቴፕ የሚወጣው ዘፈን የፍቅር ነው፤ ከቀበሌው ድምፅ ማጉያ የሚወጣው የሰልፍ ነው፤ ሁለቱ መንገድ መሐል ላይ ይጋጩና ሰው የትኛውን እንደሚያንጎራጉር ግራ ይገባዋል። እኔ የፍቅሩን በልቤ፣ የሰልፉን ጮክ ብዬ ነበር የምዘፍነው። ወጣትም ብሆን ሞኝ አልነበርሁም፤ ቢያንስ በዘፈን።

የምንኖረው በቀበሌ ቤት ነው፤ አንድ ግቢ፣ በተርታ የተሠሩ ክፍሎች፣ መሐል ላይ አንድ ቦኖ፣ እሱም ውኃ ሲያሰኘው የሚመጣለት። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሾፌር ስለ ነበር ከወር አብዛኛውን መንገድ ላይ ነው፤ ልጅም ገና አልወለድንም። ቅዳሜ ቅዳሜ የግቢው ሴቶች ድስቶቻችንን በዘንቢል ይዘን ሐይቅ ዳር እንወርዳለን። ሳሙና ለልብስ እንጂ ለድስት የሚያባክን አልነበረም። አመድ ከቤት ይመጣል፣ አሸዋውን ሐይቁ ይሰጣል፣ መፈተጊያው ደግሞ ከተጣለ አሮጌ ታንኳ የሚመዘዝ ደረቅ ደንገል ነው፤ እሱን ጠቅልሎ መፈተግ ነው። አንድ ሕግም ነበረችን፦ ማንም የራሷን ድስት አታጥብም። አንቺ የእሷን፣ እሷ የኔን። የራስ ድስት ያሰለቻል፤ የሰው ድስት ሲሆን ወሬው ያበረታል። ታዲያ ማን ክክ እንደ ሠራ፣ ማን ዘይት አልቆባት ሽሮውን እንዲሁ በውኃ እንዳንተከተከች፣ ማን ከባሏ ተጣልታ ወጡን ምድጃ ላይ ረስታ እንዳሳረረች ሁሉም ከድስቱ ቂጥ ይነበባል። እንሳሳቅበታለን፤ የሚከፋውም የለም። የዛሬ ልጆች ይህን ሳወራላቸው "እንዴ፣ ምስጢር የላችሁም?" ይሉኛል። ምን ምስጢር! በአንድ ግድግዳ ሁለት ቤት የሚተነፍስበት ግቢ ነው።

የኔን ድስት የምታጥበው አበቡ ነበረች። አበቡ የእንፍራንዝ ሰው ናት፤ ከኔ ጥቂት ትበልጣለች፤ ባሏ ሞቶባት አንድ ልጇን ዳኘን ጠላ እየሸጠች አሳድጋለች። ጨዋታዋ አይጠገብም። ስትስቅ ሆዷን ይዛ ትቀመጣለች። ግድግዳችን አንድ ነው፤ ሲያስነጥሰኝ "ይማርሽ" የምትለኝ ከወዲያ ማዶ ሆና ነው። በዚያ ላይ የማርያም ማኅበርተኞች ነን፤ ጽዋ ተጣጥተናል። ጽዋ መጣጣት ምን ማለት እንደ ሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከእህት በላይ ነው። ባለቤቴ መንገድ ላይ ሲሰነብት አብራኝ የምታድር እሷ፤ ወባ ሲጥለኝ በራሴ ላይ እርጥብ ጨርቅ የምታደርግ እሷ። ክፉ ነበረች ብል እዋሻለሁ። ክፉ ብትሆንማ ምን ነበረበት፣ ከክፉ ሰው ማን ይጠብቃል?

በዚያ ሰሞን ወጣት ይታፈስ ነበር። ለምን እንደ ሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ የማታውቁ ጠይቁ፤ እኔ ስለ መንግሥት ላወራ አልተቀመጥሁም። ቀበሌው ይህን ያህል ወጣት አምጣ ይባላል፤ ከየትም ብሎ ያመጣል። ታናሽ ወንድሜ ይሁኔ ከዱርቤቴ ሸሽቶ፣ በእግሩ፣ በጫካ በጫካ መጣብኝ። እናታችን የሞተችው እሱ ጡት ሳይጥል ነው፤ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። በሠርጌ ዕለት ቀሚሴን ጨምድዶ "አትሄድም!" ብሎ ሚዜዎቹን ላብ በላብ ያደረገ ልጅ ነው። አሁን ጎረምሳ ሆኗል፤ ቁመቱ በሩን ያህላል፤ ግን ወባ ይዞት ጥርሱ እየተንገጫገጨ ነው የገባው። ከጓዳ፣ ከጤፍ ጆንያዎቹ ኋላ አነጠፍሁለት። ሲድን በጀልባ ወደ ጎርጎራ ይሻገራል፤ እዚያ አጎታችን አለ፤ አጎታችን ይደብቀዋል። ሐሳባችን ይኸው ነበር። ክኒኑን ለራሴ ነው ብዬ ከፋብሪካው ክሊኒክ አመጣሁለት፤ በባዶ ሆዱ ሲውጠው ግን ያስመልሰዋል። እንጀራ አይወርድለትም፣ አጥሚት አይወርድለትም፤ የሚረጋለት ወተት ብቻ ሆነ።

ወተቱ ደግሞ በሁዳዴ! እኔ የቄስ ልጅ፣ ባል እንኳ ቤት የሌለኝ፣ ሕፃን የሌለኝ ሴት፣ በዐቢይ ጾም ወተት ገዝቼ ምን ላደርገው ነው? ከሰፈራችን ራቅ ብላ ላም የምታረባ አንዲት እስላም ሴት ነበረች፤ ከሷ በፔርሙስ አስቀድቼ፣ ሻይ ነው ብዬ፣ በነጠላዬ ሸፍኜ አመጣ ነበር። ይሁኔ የመጀመሪያውን ኩባያ ሳቀርብለት ፊቱን አዞረ።

"እትዬ፣ በሁዳዴ? አባባ ቢሰማ በመቋሚያው ነው የሚያነሣኝ።"

"አባባ እዚህ የለም። ለታመመ ጾም የለበትም፤ ያስተማረኝም ራሱ ነው።"

"እሱ ለሌላ ሰው ልጅ ነው እንጂ ለኛ አይልም።"

"ዝም ብለህ ጠጣ! አንተ ደግሞ፣ ነፍስህ አፍንጫህ ሥር ደርሳ ቀኖና ትቆጥራለህ።"

ሳቀ፤ እየተንቀጠቀጠ ሳቀ። "እሺ፣ ግን ኃጢአቱ ያንቺ ነው" ብሎ ጨለጠው። ያን ቀን ክኒኑ ረጋለት፤ በሦስተኛው ቀን ተደግፎ ተቀመጠ። ደስ አለኝ። እውነት ለመናገር በዕድሜዬ እንደዚያን ሰሞን የተደሰትሁበትና የፈራሁበት ጊዜ የለም።

አንድ ረፋድ ወተቱን ከሰሉ ላይ ጥጄ ሳለሁ በሩ ተንኳኳ። ከፈት ሳደርገው የቀበሌው ጥበቃ ነው፤ ጠመንጃውን አንግቶ መቃኑን ተደግፏል። "ባልሽ ለምን ስብሰባ አይመጣም?" ይለኛል። "መንገድ ላይ ነው" እለዋለሁ። "ሁልጊዜ መንገድ ላይ?" ይላል። "ሾፌር ምን ላይ ይሁን ታዲያ?" እላለሁ፣ በሩን በገላዬ ሞልቼ። ልቤ ከኋላዬ ነው። ያቺ ጣፋጭ ሽታ መጣች። ከዚያ መራራዋ። ሰውዬው የሚሄድ አይመስልም፣ ስለ ማዋጮ ያወራል፣ ስለ ሰልፍ ያወራል፤ እኔ ድስቱ እያረረ ፈገግ እላለሁ። ምስጋና ለሲጋራው፣ አፍንጫው የደነዘዘ ነበር። "ሽሮዬ አረረብኝ ወንድሜ!" ብዬ እንደምንም ሸኘሁት። ስመለስ ድስቱ ውስጥ ወተት የሚባል ነገር የለም፤ ቡናማና ጥቁር ቅርፊት ብቻ ጥርሱን አግጥጦ ይጠብቀኛል፤ ቤቱን ጢስ ሞልቶታል። በርበሬ ፍም ላይ በተንሁ፤ ይሁኔን በሳል ልገድለው ነበር። ሽንኩርት አቁላላሁ። ሽታው ግን ያረረ ወተት ነውና ወይ ፍንክች።

ድስቱን ደጅ አውጥቼ ማጠብ አልችልም፣ ግቢው ሁሉ ያያል። በሬን ዘግቼ በማንኪያ መፋቅ ጀመርሁ። ኪርርር ኪርርር! ከግድግዳው ወዲያ አበቡ "ምን ሆነሽ ነው እንደ አይጥ የምትቧጭሪው? አምጪው እንጂ!" ስትል ሰማኋት። "ኧረ ግድ የለም፣ ትንሽ ነው" አልሁ። መቼ ሰምታ፤ ገባች፤ ድስቱን ከእጄ ወሰደች፤ "ቅዳሜ አይደል? ተነሽ እንውረድ" ብላ ዘንቢሏ ውስጥ ከተተችው። እምቢ ብል የባሰ ነው። ተከተልኋት።

ሐይቅ ዳር ደርሰን ከሌሎቹ ፈቀቅ ብላ ተቀመጠች። አመዱን በጥብጣ ድስቱ ውስጥ ሞላችበት፤ "ያረረ ነገር በችኮላ አይለቅም፤ መጀመሪያ ይራስ፣ ልቡ ይላላ፣ ከዚያ በሎሚ፣ ከዚያ በአሸዋ" አለችኝ። ይህን ብልሃት ያስተማረችኝ እሷ ናት፤ ዛሬም የማጥበው እንደዚያው ነው፣ ምን ይካዳል። ቅርፊቱ ሲላላላት በደንገሉ ትፈትግ ጀመር። ድንገት አቆመች። ጎንበስ ብላ አሸተተችው። ቀና ብላ አየችኝ። "ሽሮ ነው" አልሁ፣ ሳልጠየቅ። አበቡ ሳቀች፤ ዝቅ ባለ ድምፅ ሳቀች። "አንጓችዬ፣ ሽሮ እንዲህ ሲሸት እኔ አላውቅም። ማን ታሞ ነው?" ያቺ "ማን ታሞ ነው" የምትለዋ ቃል ሆዴን አባባችው። ሰንብቼ ያፈንሁት ሁሉ ፈነዳ፤ ነገርኋት። ወንድሜ እንደ መጣ፣ ከጆንያው ኋላ እንደ ተኛ፣ ሲድን ጎርጎራ እንደሚሻገር፣ አንድም ሳላስቀር ነገርኋት። አቀፈችኝ። አመድ በነካው እጇ እንባዬን ጠረገችልኝ። "ማርያምን፣ ከአፌ አይወጣም! ያንቺ ወንድም የኔም አይደል?" አለች። ከዚያ ድስቱን ፈትጋ ፈትጋ፣ ከሐይቁ ውኃ አለቅልቃ፣ ፀሐይ ላይ ዘቅዝቃ አበራችውና "እንኪ፣ ፊትሽን እይበት" ብላ ሰጠችኝ። እየዘፈንሁ ነው የተመለስሁት፤ የፍቅሩን ዘፈን፣ ጮክ ብዬ።

ማክሰኞ በጠራራ ፀሐይ መጡ። አላንኳኩም። ያ መቃኑን ተደግፎ ያዋራኝ ጥበቃ ከፊት ነበር፤ አልጋ ሥር አላየም፣ ኮርኒስ አላየም፤ ቀጥ ብሎ ወደ ጓዳ ሄዶ ጆንያዎቹን በእግሩ ገፋ። "ና ውጣ፣ በሁዳዴ ወተት የምትጠጣው!" አለ። ጓደኞቹ ሳቁ። እኔ ጮኼ ይሁኔን አቅፌ ነበር፤ ያቺን ቃል ስሰማ ግን ለቀቅሁት። ወተት የምትሸጥልኝ ሴት ወንድም እንዳለኝ እንኳ አታውቅም። ስለ ወተቱም ስለ ጆንያውም የነገርሁት ለአንድ ሰው ብቻ ነው። የባለቤቴን ካፖርት አለበስሁት፤ ሰፍቶት ትከሻው ውስጥ ጠፋ። ከደጅ ሲደርስ ዘወር ብሎ "እትዬ፣ ወተቱን ለአባባ እንዳትነግሪው" አለኝ። እንዳላለቅስ ብሎ ነው፣ ያቺን ጨዋታውን። የአበቡ በር ተዘግቷል። ቀን ተዘግቶ የማያውቅ በር፣ ያን ዕለት ተዘግቶ ዋለ።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይላል የአገሬ ሰው። ዳኘም በዚያ ዓመት ለአፈሳው ደርሶ ነበር፤ ጓደኞቹ ሁሉ ሲሄዱ እሱ ቀረ፤ ጥቂት ቆይቶ በቀበሌው ሱቅ ስኳር መዛኝ ሆነ። ግቢው ይህን አላየም? አይቷል። ማንም ግን ትንፍሽ አላለም፤ እኔም አላልሁም፤ ጊዜው አፍ የሚከፈትበት አልነበረም። አበቡ በማግሥቱ ሆዷን ይዛ እያለቀሰች ገባች። "ማን ነገረብን አንጓችዬ?" አለችኝ። "ብን" አለች እኮ! ከኔ ጋር! እግሬን አጠበችኝ፤ ሽሮ ሠርታ አጎረሰችኝ። ወጭት ሰባሪ ስትሉ ሰምታችሁ ይሆናል፤ እኔ ግን ወጭቱን ሰብራ በስባሪው ያጎረሰችኝን ነው የማውቀው። እኔም ጎረስሁ። ምን አባቴ ላድርግ? ባለቤቴን ደግሞ ትናገርበት ይሆን ብዬ ፈራሁ።

መንግሥት ሲለወጥ የተበተነው ወታደር በከተማችን ያልፍ ነበር፤ በባዶ እግሩ፣ በተቀዳደደ ካኪ፣ ዳቦ እየለመነ። ከሥራ ስወጣ አስፋልቱ ዳር ቆሜ እያንዳንዱን ፊት አያለሁ። "ይሁኔ የሚባል፣ ረጅም፣ የዱርቤቴ ልጅ?" ስንቱን ጠየቅሁ። አንዱ "እናቴ፣ ሁላችንም ረጅም ነበርን" አለኝ። አበቡ አጠገቤ ቆማ ዳቦ ታድል ነበር። አባታችን በመጨረሻ አስከሬን በሌለበት ተዝካሩን አወጣ፤ በዚያም ላይ ከሁሉ በላይ ሙሾ ያወረደችው እሷ ናት። ከዚያ ወዲያ ቤት ሠርተን ከግቢው ወጣን፤ ወለድሁ፣ ዳርሁ፣ አረጀሁ። ስንገናኝ እንሳሳማለን። ሦስቴ፣ ጉንጭ ለጉንጭ። ሰላምታ እንኳ እንዲህ እንደሚጎመዝዝ ያወቅሁት ያኔ ነው።

ካቻምና ዳኘ ቤቴ መጣ። ሽበቱ ከኔ ይብሳል። "እትዬ አንጓች፣ እናቴ በጣም ደክማለች። የንስሐ አባቷ የምትቀየሚው ወይም የበደልሽው ሰው ካለ ሳትታረቂ አላቆርብሽም ብለዋታል፤ እሷም እርስዎን ጥሩልኝ አለች" አለኝ። እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ። ይህን ሁሉ ዘመን የጠበቅሁት አንድ ቃል ነበር፤ ወንድሜን አይመልስልኝም፤ ግን ከአፏ ስሙ ይጠራልኝ። መንገዱን በሙሉ ምን እንደምመልስላት ሳስብ ሄድሁ። ይቅር እላታለሁ፤ አብረን እናለቅሳለን፤ ያልቃል።

አበቡ አልጋው ላይ አንድ ፍሬ ሆናለች። ካህኑ መስቀላቸውን ይዘው ከራስጌዋ ተቀምጠዋል፤ ዳኘ ውኃ ይዞ ከጎኗ፤ ልጆቹ በሩ ላይ። እጄን ያዘችኝ። "አንጓችዬ፣ በማወቅም ባለማወቅም በድዬሽ እንደ ሆነ ይቅር በይኝ" አለች።

"ምን በደልሽኝ?" አልኋት።

ካህኑ ጉሮሯቸውን ጠራርገው "እናቴ፣ ይቅርታ አይመረመርም" አሉኝ።

"አባ፣ እኔም የቄስ ልጅ ነኝ፤ በደል ስም እንዳለው አውቃለሁ" አልሁና ወደሷ ጎንበስ አልሁ። "አበቡ፣ አንድ ስም ብቻ ጥሪልኝ። ሌላ ምንም አትበይ። ስሙን ጥሪልኝና እግርሽ ላይ እወድቃለሁ።"

ዓይኗ ሞላ። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ገብቷታል፤ ልትለው ነበር፣ በማርያም እምላለሁ ልትለው ነበር። ያኔ ዳኘ "እማዬ፣ ማንን ነው የምትጠሪው? ምንድን ነው ነገሩ?" አላት። ልጇን አየችው። ረጅም ጊዜ አየችው።

"እንጃ ልጄ" አለች። "ጎረቤት አልነበርን? ጨው ተበድሬያት ሳልመልስ ቀርቼ ይሆናል።"

ሁሉም ወደኔ ዞሩ። የዳኘ ልጆች እንኳ ትንፋሻቸውን ይዘው ይጠብቁኛል። እጄን ከእጇ ቀስ አድርጌ አወጣሁ።

"ጨዉን ይቅር ብዬሻለሁ" አልኋት።

ካህኑ ደስ ብሏቸው መስቀላቸውን አነሡ፤ አበቡ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።